ውሻ የኋላ እግሩን ሲያነክስ ወይም ሲጎትት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አፉን ከፍቶ መፈተሽ። ከሁሉ የከፋው ይህ ስለሆነ አስቀድሜዋለሁ። ያልተከተበ ውሻ የኋላ እግሩ ድንገት ዝሎ፣ ለሃጩ እየተዝረከረከና መዋጥ አቅቶት ሲታይ «አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል» ብለው እጃቸውን የሚሰዱ ሰዎች አሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ሳይነኩት ለብቻው ዘግተው የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። ከነከሰዎት ወይም ለሃጩ ቁስልዎን ከነካ፣ ቦታውን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በወራጅ ውኃ ይጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ።

ማነከስንና መጎተትን አንድ አድርጎ ማየት። የሚያነክስ ውሻ ብዙውን ጊዜ ስለሚያመው እግሩን ይቆጥባል። የሚጎትት ግን እግሩ የት እንዳረፈ ላያውቅ ይችላል። የተከተበና ገራም ከሆነ፣ እንደ ቆመ ሆዱን ደግፈው አንዱን የኋላ መዳፍ በቀስታ ገልብጠው በጀርባው መሬት ላይ ያሳርፉት። ጤነኛው ወዲያው ይመልሰዋል፤ እንደተገለበጠ ከተወው ነርቭ ወይም አከርካሪ መጠርጠር አለበት። ጥፍሮቹንም ይዩ፦ የመሐለኞቹ ሁለቱ ከላይ በኩል ከተፋቁ መጎተት ከጀመረ ሰንብቷል።

ማሸትና ማስሮጥ። ለወጌሻ ክብር አለኝ፤ የተንሸራተተ ዲስክን (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለውን ትራስ) ግን ማሸት አያድነውም። እንደ ዳክስሁንድ ጀርባው ረጅም፣ እግሩ አጭር የሆነ ውሻ የኋላ እግሮቹ ድንገት ከከዱት፣ ጀርባው ሳይንቀሳቀስ ተይዞ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ጣቱ በኃይል ሲቆነጠጥ ምንም ካልተሰማው ሰዓታት ዋጋ አላቸው።

የሰው ክኒን መስጠት። ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ። ሕመሙ ሲደበዝዝም ውሻው መሮጥ ይጀምርና በከፊል የተቀደደ የጉልበት ጅማት ካለው ጨርሶ ሊበጠስ ይችላል።

«አርጅቷል» ብሎ መተው። የጀርመን ሼፐርድ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ገና ዓመት ሳይሞላው ሊታይ ይችላል፤ እንደ ጥንቸል ሁለቱን የኋላ እግሮች አጋጥሞ ይዘላል። ትናንሽ ዝርያዎች ደግሞ ጥቂት እርምጃ በሦስት እግር ዘለል ዘለል ብለው ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላሉ፤ ብዙውን ጊዜ የጉልበታቸው ሎሚ ወጥቶ ተመልሷል ማለት ነው።

በዳሌው ራጅ ብቻ መርካት። በብዙ ሽማግሌ ውሾች ዳሌ ላይ ብግነት ይታያል፤ ያነከሱበት ምክንያት ግን የተበጠሰ ጅማት ሊሆን ይችላል። ጉልበቱም አከርካሪውም እንዲፈተሽ ይጠይቁ።

ቪዲዮ ሳይዙ መሄድ። ክሊኒክ ውስጥ በድንጋጤ አስተካክሎ የሚራመድ ውሻ ብዙ ነው። ከኋላና ከጎን፣ በዝግታ ሲራመድ ቤት ሳሉ በስልክ ይቅረጹት።