ቢጫ ካርድ ሳትይዙ ከጅማ እንዳትነሱ

የኮቪድ ምርመራ ወረቀት ጣጣ ካለፈ ወዲህ ብዙ ሰው ከፓስፖርት፣ ከቪዛና ከትኬት ሌላ የሚጠየቅ ነገር ያለ አይመስለውም። አለ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። ለሕክምና ሕንድ የምትሄዱ፣ ደቡብ አፍሪካ ያለ ወንድማችሁን ልትጠይቁ የምትነሱ፣ ትጠየቃላችሁ። ሕንድ ካርድ የሌለውን መንገደኛ እስከ 6 ቀን ለይታ ታቆያለች። ታማሚ ይዞ ለሄደ ሰው 6 ቀን ብዙ ነው።

የሚጠይቁን ያለ ምክንያት አይደለም። አገራችን ቢጫ ወባ ሊተላለፍባቸው ይችላል ከሚባሉት ውስጥ ናት። እንደ ፈረንጆቹ ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሳው ወረርሽኝ 30,000 ገደማ ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። ከእኛ ሩቅ አይደለም። በ2020ም ጉራጌ ዞን ተከስቶ ነበር።

ትልቁ ነገር ቀን ነው። ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ስለዚህ ከበረራው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። እኔ ብሆን ወር ሲቀረው እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም የክትባቱ ብልቃጥ አብዛኛውን ጊዜ ለብዙ ሰው የሚሆን ነው፣ አንዴ ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል፣ በዚህ የተነሳ ሰው እስኪሰበሰብ ቀጠሮ ሊሰጧችሁ ይችላሉ። መጀመሪያ እዚሁ ጅማ ጤና ቢሮና ሆስፒታል ጠይቁ። ስትጠይቁ ክትባቱ መኖሩን ብቻ አይደለም፣ ዓለም አቀፍ ካርዱና ማህተሙ መኖሩንም ነው። መርፌውን ወግተው ካርድ የለንም ካሏችሁ ለጉዞው ምንም አይጠቅማችሁም። እዚህ ካልተገኘ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለበረራው ስትወጡ ሳይሆን ቀድማችሁ ሂዱ።

ካርዱን ሲሰጧችሁ እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። ስማችሁ ፓስፖርቱ ላይ ባለው ፊደል ልክ መጻፍ አለበት። መሐመድ በላቲን ፊደል አራት አምስት ዓይነት ይጻፋል፣ አንዷ ፊደል ከተለየች ጥያቄ ታመጣለች። ስለዚህ ፓስፖርቱን ይዛችሁ ሂዱ፣ በቃል አትንገሯቸው። ቀጥሎ ቀኑ። የፈረንጅ መሆን አለበት። መስከረም 1 ቀን 2017 ተከትባችሁ ባለሙያው 01/01/2017 ብሎ ቢጽፍ፣ ውጭ ያለው ሰው የሚያነበው ጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ነው፤ እናንተ ግን የተከተባችሁት ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው። ወሩ በቁጥር ሳይሆን በፊደል እንዲጻፍ ጠይቁ። የክትባቱ መለያ ቁጥር፣ የባለሙያው ፊርማና ማህተሙ መኖራቸውን እዩ። የእናንተም ፊርማ ያስፈልጋል፣ ብዙ ሰው እሱን ይረሳዋል።

ክትባቱ ለሁሉም አይሰጥም። እርጉዝ ከሆናችሁ፣ ከ9 ወር በታች የሆነ ሕፃን የምታጠቡ ከሆነ፣ ዕድሜያችሁ ከ60 ካለፈ፣ የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም በሽታ ወይም መድኃኒት ካለባችሁ፣ ወይም እንቁላል ክፉኛ የማይስማማችሁ ከሆነ ከመወጋታችሁ በፊት ለሐኪም ንገሩ። መከተብ አይችሉም ካለ በጽሑፍ ይስጣችሁ፤ የምትሄዱበት አገር ያንን ወረቀት ይቀበል እንደሆነ ደግሞ ኤምባሲውን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሳትከተቡ ካርዱን ብቻ እናውጣላችሁ የሚሉ ደላሎች አሉ። እባካችሁ እምቢ በሉ። በሽታው መድኃኒት የለውም፣ እንዳይዛችሁ የሚጠብቃችሁ ክትባቱ ነው።

ሐጅና ዑምራ የምትሄዱ የማጅራት ገትር ክትባትም ትጠየቃላችሁ፣ እሱም ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ነው። ከድሮ የተከተባችሁና ካርዳችሁ ላይ 10 ዓመት ብቻ ያገለግላል የሚል ያለበት ደግሞ አትደንግጡ። ከጁላይ 2016 ጀምሮ አንድ ክትባት ለዕድሜ ልክ ነው፣ ያው ካርዳችሁ ይሠራል። ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር በእጅ ቦርሳ ያዙት፣ በሻንጣ አትላኩት።