ለድሬዳዋ አዲስ የሆናችሁ ባልና ሚስት፦ የመጀመሪያውን ወር እንዴት ትኖሩታላችሁ?

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የመጣነው በባለቤቴ የሥራ ዝውውር ነው። ከተጋባን ሰባት ወራችን ነበር። ዘመድ የለን፣ ጓደኛ የለን፣ ያለን አንድ ፍራሽና ሁለት ሻንጣ። ሰው አገር ላይ ሁለት ብቻ መሆን ወይ ያዋድዳል ወይ በቬንትሌተር ያጣላል። እኛ ሁለቱም ደርሶብናል። ዘግይተን የተማርነውን እነሆ፣ በቅደም ተከተል።

መጀመሪያ፦ ሰዓታችሁን ቀይሩ

ይሄ ከቤት ዕቃም ይቀድማል። በመጀመሪያው ቅዳሜያችን ምሳ በልተን 7 ሰዓት ላይ መጋረጃ ልንገዛ ወጣን። መንገዱ ጭር ብሏል። ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። አስፋልቱ ጫማ ዘልቆ ይፋጃል። "እንውጣ ያልከው አንተ ነህ"፣ "መጋረጃ መጋረጃ ያልሽው አንቺ ነሽ" እየተባባልን ቆመን ቀረን። ጥላ ሥር የተጋደመ የባጃጅ ሾፌር አንድ ዓይኑን ገልጦ አየን። "አቦ፣ በዚህ ሰዓት ማን ይወጣል?" አለና መልሶ ተኛ።

ድሬ ውስጥ አንዱ ቀን ሁለት ቀን ነው። የመጀመሪያው ከንጋት 12 ሰዓት እስከ እኩለ ቀን ገደማ ነው። ሁለተኛው ከ10 ሰዓት በኋላ ይጀምርና ምሽቱን ይዘልቃል። መሃሉ የእንቅልፍና የበርጫ፣ ማለትም ጫት እየቃሙ የመጫወት፣ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአዲስ አበባን ግማሽ ያህል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪን ይሻገራል። ስለዚህ ገበያ በጠዋት፣ የቢሮ ጉዳይ ከ4 ሰዓት በፊት፣ ሽርሽር ከ11 ሰዓት በኋላ ይሁን። ከሁለታችሁ የቀትር እንቅልፍን ስንፍና ነው የሚል ካለ አትከራከሩት። በሳምንቱ ቀድሞ ሲያንኮራፋ ታገኙታላችሁ።

ቀጥሎ፦ ቤት ስትከራዩ ከዋጋው በፊት ጠይቁ

ውሃ በስንት ቀን ይመጣል? ሮቶ አለው? ኮርኒስ አለው ወይስ ቆርቆሮ ብቻ ነው? የመኝታ ቤቱ መስኮት የከሰዓት ፀሐይ ይገባዋል? የመጨረሻውን ሳንጠይቅ ተከራይተን ሁለት ወር ሳሎን መሬት ላይ ተኝተናል። ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ ዛፍ ካለ እኔ ጥቂት ብር ጨምሬ እከራየዋለሁ።

ውሃው ጨዋማነት ያለው ይመስላል፣ ማፍያውም ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። አትደንግጡ፣ በሎሚ ወይም በአቼቶ አፍልታችሁ ድፉት። የምታጠራቅሙበትን በርሚልና ጀሪካን ግን ሁልጊዜ ክደኑ። በ2006 ዓ.ም. ደንጌ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ቺኩንጉንያ የሚባሉት የትኩሳት በሽታዎች ከተማዋን አስጨንቀው ነበር። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን የምትናከስ ናት፤ የምትራባውም እዚያው ቤታችን ባጠራቀምነው ውሃ ውስጥ ነው። አጎበሩን ለሌሊት ብቻ ሳይሆን ለቀትር እንቅልፍም ዘርጉት።

ሦስተኛ፦ ከተማዋን በእግር ተዋወቋት

ከከዚራ ሰፈር ጀምሩ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ሐረር ድረስ ተራራውን መውጣት ስለከበደ ከሥር አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ከዚራ የዚያ ዘመን ልጅ ናት። መንገዶቿ ቀጥ ያሉ፣ ዛፎቿ ያረጁ፣ ጥላዋ የተረፈ። 11 ሰዓት ላይ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ተነሱና ዝም ብላችሁ ሂዱ። ሻይ ጠጡ፣ ሳምቡሳ ብሉ፣ ተመለሱ። ገና ደመወዝ ላልደረሰለት ባልና ሚስት ከዚህ የረከሰ ሽርሽር የለም።

በሚቀጥለው ቀን የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ መጋላ ሰፈር ግቡ። ድልድዩ ላይ ስትቆሙ ከታች የምታዩት ወንዝ ሳይሆን አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ግን በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ጎርፉ የሚመጣው ከደጋው ነው። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ላይ ላይ ዘንቦ ሊሆን ይችላል። ወደ ተራራው ስታዩ ከጠቆረ ከአሸዋው ውጡ፣ ድልድዩን ተጠቀሙ።

ከዚራ ላይ እጅ ለእጅ ብትያያዙ ማንም ዞር ብሎ አያይም። መጋላ ውስጥ ግን ቆጠብ፣ አለባበስም ሸፈን ማለት ጥሩ ነው። ማንም ስለሚቆጣችሁ አይደለም፤ የሰፈሩ ደንብ ስለሆነ ነው።

አራተኛ፦ ቀፊራ ገበያ አብራችሁ ሂዱ

አንዱ ብቻውን ከሄደ አንድም ያልተፈለገ ነገር ይገዛል፣ አንድም ተሸክሞ ይደክማል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከገጠር የመጡት ሴቶች አትክልትና ፍራፍሬውን መሬት ላይ በመደብ በመደብ ዘርግተው ይጠብቃሉ። "መደቡ ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። በኪሎ አትድረቁ። ጊሽጣ ስትገዙ በአውራ ጣት ጫን አድርጉት፤ እሺ ካለ ለዛሬ፣ ጠንከር ካለ ለነገ ወዲያ። በለስ እዚህ ቲን ይባላል። ሻጯ ልጣ ካልሰጠቻችሁ በባዶ እጃችሁ አትንኩት። ባለቤቴ ነክቶ ማታውን ሙሉ በባትሪ ብርሃን እሾህ ስነቅልለት አመሸሁ።

ሻጮቹ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛ እየቀላቀሉ ያወሯችኋል። በኦሮምኛ "ገለቶማ" ብላችሁ ማመስገን ከቻላችሁ አንድ ሽንኩርት ሊጨመርላችሁ ይችላል።

አምስተኛ፦ ሲጠሯችሁ እሺ በሉ

ድሬ ላይ ጎረቤት ቶሎ ይጠራል። ታናሻችሁ "አንተ" ወይም "አንቺ" ቢላችሁ ንቀት እንዳይመስላችሁ፤ እዚህ "እርስዎ" ብዙ ቦታ የለውም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ለሽማግሌ "አንተ" ማለት አፌ አልደፈረም። እነሱ ይስቁብኛል።

ከምሳ በኋላ ከተጠራችሁ ነገሩ በርጫ ነው። ፍራሽ፣ ትራስ፣ ጫት፣ ሻይ፣ ለስላሳ፣ ማያልቅ ወሬ። እኛ አንቅምም፤ "ለወሬው ነው የመጣነው" ብለን እንቀመጣለን። ቅር ያለው ሰው አልገጠመንም። መቃም ከጀመራችሁ ግን ወጪውን ከቤት ኪራዩ እኩል በወር አስሉት። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ስለሚወጣ ደመወዙን ማን እንደበላው አይታወቅም።

ታህሳስ 19 ወይም ሐምሌ 19 ሲቃረብ ደግሞ ትርፍ ፍራሽ አዘጋጁ። የቁልቢ ገብርኤል ተሳላሚ ሲመጣ ሆቴሉ ይሞላል፣ ረስታችኋቸው የነበሩ ዘመዶች ሁሉ ስልካችሁን ያስታውሳሉ።

መጨረሻ፦ ሐረር አድራችሁ ተመለሱ

ይሄን ለአራተኛው ሳምንት አቆዩት። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ይወጣል። የሚያጥወለውለው ሰው ከፊት ይቀመጥ። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ስለምትጠጋ ሹራብ ያዙ። እኛ ሳንይዝ ሄደን አንድ ነጠላ ለሁለት ለብሰናል፤ እውነቱን ለመናገር አልጠላሁትም።

ጀጎል፣ በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ ውስጥ ካርታ አትክፈቱ። መንገዱ ይጠባል፣ ይታጠፋል፣ መልሶ የነበራችሁበት ያመጣችኋል። ግንቡ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ ከጠፋችሁ የአንዱን ስም ጠይቁ፣ ልጆች ያደርሷችኋል። መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ስትገቡ ልብስ ሰፊዎቹ በሁለቱም በኩል ሲንጀሮቻቸውን ያስጮሃሉ። ጨርቅ ገዝታችሁ ስጧቸው፣ ዞራችሁ እስክትመጡ ይሰፉላችኋል። የሐረሪ ቤት የማየት ዕድል ካገኛችሁ ጫማችሁን በር ላይ አውልቁ። ነደባው፣ ማለትም ደረጃ ደረጃ ያለው መቀመጫ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ደንብ አለው። አስተናጋጇ ሳታሳያችሁ አትቀመጡ።

ሲመሽ ከግንቡ ውጭ ጅብ ይቀለባል። ሥጋውን በእንጨት ጫፍ አንጠልጥላችሁ እንድታበሉ ይጋብዟችኋል። ፎቶ ማንሳት ካለባችሁ ፍላሽ ይቻል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ዋጋውንም እንዲሁ። የሚፈራውን ሰው አትግፉት። እኔ ነበርኩ የምፈራው፣ ባለቤቴ ገፋኝ፣ እስከ ማግስቱ ጠዋት አላወራሁትም።

ከዚያ በኋላ በጨለማ ደንገጎን ለመውረድ አትቸኩሉ። እደሩ። ጠዋት ቁጢ፣ የቡና ቅጠል ሻይ ማለት ነው፣ ጠጥታችሁ ተነሱ። ቁልቁለቱን ስትጨርሱ ሙቀቱ ፊታችሁን ይመታችኋል፤ ሹራቡን አውልቁት። ሰዓቱ ከ10 በፊት ከሆነ ግን መጋረጃ ፍለጋ እንዳትወጡ።