ከደሴ ችሎት እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት፦ የሕገ መንግሥት ትርጉም አቤቱታ እንዴት ይቀርባል?

በአሜሪካ ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ሕግ ሲያጋጥም ዳኛው ራሱ ውድቅ ያደርገዋል። ይህ ሥልጣን በሰነዱ ላይ በግልጽ አልተጻፈም፤ በ1803 እ.ኤ.አ. በማርበሪና ማዲሰን ክርክር ዋና ዳኛው ጆን ማርሻል በፍርድ ያጸኑት ነው። የእኛ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሌላ መንገድ መረጠ። የመተርጎሙን ሥልጣን በአንቀጽ 62 እና 83 ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጠ፤ ጉዳዩን መርምሮ የሚያቀርበው ደግሞ 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባዔ ነው። ሰብሳቢው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ናቸው።

ሥራው ግን የሚጀምረው አዲስ አበባ ሳይሆን እዚሁ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ፣ የመጀመሪያው ችሎት ላይ ነው። ጥሩ ማሳያ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ክርክር ነው፤ ወሎ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ውርሱንና ፍቺውን እዚያ ይጨርሳል። አንቀጽ 34(5) በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ብቻ ነው። በ1996 ዓ.ም. አንድ የውርስ ጉዳይ ተከራካሪዎች ሳይስማሙ በሸሪዓ ፍርድ ቤት በመታየቱ ምክር ቤቱ ውሳኔዎቹን ሽሯል። ተቃውሞው ከመነሻው የቀረበ ነበር፤ አቤቱታውም ምክር ቤት የደረሰው ሰበር (መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን የሚያርመው የመጨረሻ ችሎት) ድረስ ከተኬደ በኋላ ነው። ስለዚህ የማይስማማ ሰው መጥሪያው እንደደረሰው ተቃውሞውን በጽሑፍ ያስገባ፣ መዝገብ ላይ መስፈሩንም ያረጋግጥ። መጥሪያ ደርሶት የቀረ ሰው እንደተስማማ ሊቆጠር ይችላል፤ በኋላ «አልፈቀድኩም» ማለት ብዙ አይጠቅምም።

በአዋጅ ቁጥር 798/2005 መሠረት ክርክሩ ገና በፍርድ ቤት ላይ ከሆነ ጥያቄው መጀመሪያ ለያዘው ችሎት ይቀርባል። ችሎቱ ካመነበት የትርጉሙን ነጥብ ለአጣሪ ጉባዔው ይልካል። ካላመነበት ውሳኔውን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ያለዚያ ውሳኔ ባለጉዳዩ በቀጥታ ወደ ጉባዔው መሄድ አይችልም። ክርክሩ ያለቀ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ በይግባኝና በሰበር ሄዶ መጨረስ ያስፈልጋል።

አቤቱታው አጭር ይሁን። የተቃወሙት ሕግ ወይም ውሳኔ የትኛው ነው? የትኛውን የሕገ መንግሥት አንቀጽ ይጥሳል? እንዴት? ምን እንዲወሰን ይፈልጋሉ? የየደረጃውን የውሳኔ ግልባጭ በማኅተም የተረጋገጠ አድርገው ያያይዙ። አቤቱታ ማስገባት ብቻውን አፈጻጸምን ስለማያስቆም ዕግድ ለይተው ይጠይቁ።

ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፦ «ምስክሬ አልታመነም»፣ «የካሳው ስሌት ተሳስቷል» የሚል ቅሬታ የማስረጃ ወይም የሕግ ስሕተት ክርክር ነው፤ ቦታው ይግባኝ ወይም ሰበር ነው። የኮምቦልቻ ዙሪያ ገበሬ መሬቱ ሲወሰድ ካሳው አነሰኝ ቢል ትርጉም አያስፈልገውም። ፍርድ ቤት እንዳልሄድ ሕግ ከለከለኝ ቢል ግን አንቀጽ 37 ይነሣል። ያን ልዩነት ያልለየ ጠበቃ፣ ቢቻል ባይቀጠር ይሻላል።

ጉባዔው ትርጉም አያስፈልገውም ብሎ ቢዘጋው ቅር የተሰኘ ወገን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይግባኝ ማለት ይችላል። ትርጉም ያስፈልገዋል ካለ ምክር ቤቱ በ30 ቀን እንዲወስን ሕገ መንግሥቱ ያዛል፤ ቀኑ የሚቆጠረው ግን ጉዳዩ ከጉባዔው ከደረሰው በኋላ ነው። ተጣሰ የሚሉት የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ከሆነ መንገዱ ወደ ክልሉ የሕገ መንግሥት ተርጓሚ ኮሚሽን ነው።