ተዘዋዋሪ የብድር ገንዘብ እንዳይነጥፍ እንዴት ይያዛል?

እቁብ ዙሩ ሲሞላ ይዘጋል፤ ተዘዋዋሪ ብድር ግን መነሻው ገንዘብ አንድ ጊዜ ከተቀመጠ በኋላ አንዱ የመለሰው ለሌላው እየተሰጠ ሳይቋረጥ እንዲሠራ የታሰበ ነው። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 995 በ10 ቢሊዮን ብር የተቋቋመው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድም የተነሣው በዚሁ አሠራር ነው።

ነገሩን በትንሹ ለማየት፣ በፒያሳ ያሉ ነጋዴዎች ያቋቋሙት የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር 300,000 ብር አለው እንበል። 30,000 ብሩ ለመጠባበቂያ ተቀምጦ፣ የቀረው 270,000 ብር ለ18 አባላት 15,000 ብር እየደረሳቸው በ12 ወር እንዲመለስ ይሰጣል። እያንዳንዱ አባል ከዋናው ገንዘብ በወር 1,250 ብር ስለሚከፍል በመጀመሪያው ወር 22,500 ብር ይገባል፤ ከዚህም 19ኛው አባል 15,000 ብር ወስዶ 7,500 ብር ይተርፋል። በሁለተኛው ወር የአዲሱ ተበዳሪ ክፍያም ተጨምሮ በእጅ ያለው 31,250 ብር ስለሚደርስ ሁለት ሰው ይበደራል። ከ18ቱ ሁለቱ ገና ከመነሻው መክፈል ካቆሙ ግን በሁለተኛው ወር የሚገኘው 26,250 ብር ብቻ ስለሚሆን አንዱ ተረኛ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ሁለቱ ጨርሶ ካልከፈሉም የጠፋው ገንዘብ ከመጠባበቂያው ጋር እኩል ነው።

ስለዚህ የመክፈያው ቀን ሲቆረጥ የተበዳሪው ገበያ መታየት አለበት። ልኳንዳ ቤት ላለው ሰው የመጀመሪያውን ክፍያ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ ማድረግ ውዝፍን በገዛ እጅ መጥራት ነው፤ የእፎይታ ጊዜው ከፋሲካ እንዲያልፍ በውሉ ላይ ቢጻፍ ይሻላል። ክፍያ ሲዘገይም ወሩ እስኪያልቅ ሳይጠበቅ በዚያው ሳምንት ተበዳሪውንም ዋሱንም ማነጋገር ይገባል።

ያለ ወለድ ማበደር ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን ደረሰኙም፣ የሒሳብ ሠራተኛውም፣ የዋጋ ንረቱም ከዋናው ገንዘብ ይበላሉ። የአገልግሎት ክፍያው እነዚህን እንዲችል ተደርጎ በጠቅላላ ጉባኤ መወሰንና በመዝገቡም ከዋናው ገንዘብ ተለይቶ በራሱ ዓምድ መጻፍ አለበት።

በእኔ አስተያየት ከሁሉ የከፋው ስሕተት፣ ውዝፍ ያለበትን ሰው አዲስ ብድር ሰጥቶ የድሮውን እንዲዘጋበት መፍቀድ ነው፤ መዝገቡ ያምራል እንጂ ወደ ካዝናው አንድም ብር አይገባም።