የቮልስ ሞተር ሲያወርዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«አራት ብሎን ብቻ ነው የያዘው» የሚለው አነጋገር እውነት ነው፤ የብዙ ሞተር መጥፊያም እርሱ ነው። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የሚያያዘው በአራት ቦታ ብቻ ስለሆነ 17 ቁልፍና አንድ ክሪክ ያለው ሰው ሁሉ በግቢው ውስጥ ሊያወርደው ይችላል። እዚህ አዳማ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ወርዶ እሑድ ማታ ሊገጠም የታሰበ፣ ነገር ግን ክረምቱን ሙሉ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኖ የከረመ ሞተር «እስቲ አንዴ ይዩልን» ተብዬ ስንት ግቢ እንደገባሁ ቁጥሩን አላስታውስም። የምጽፈው ስለ ጥንዚዛዋ ቮልስ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1974 በእርሷው ሻንሲ ላይ ተመሥርታ የተሠራችው ስፖርታዊቷ ካርማን ጊያም ሞተሯ ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ የታደለ ባለቤቷ የሚከተለውን ለራሱ እንደተጻፈ አድርጎ ሊያነበው ይችላል።

ባትሪውን ሳይነቅሉ ሥራ መጀመር የመጀመሪያው ስህተት ነው። ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር ተሸሽጎ ስለሚገኝ ይረሳል፤ ወደ ሞተሪኖው (ወደ ሞተር ማስነሻው) የሚሄደው ወፍራም ሽቦ ግን የመኪናው ቁልፍ ቢወጣም ኤሌክትሪክ አያጣም፣ ከላይኞቹ ሁለት የሞተር ብሎኖች አንዱም የሚገኘው እዚያው ሞተሪኖው ዘንድ ነው። በዚያ ጠባብ ቦታ የተንሸራተተ ቁልፍ ብልጭታ ያወጣል። የቮልስ የቤንዚን ታንከር ደግሞ ከፊት ሆኖ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ ቤንዚን የሚያመጣው የጎማ ቱቦ ከሞተሩ ሲነቀል ቤንዚኑ በራሱ ክብደት መፍሰሱን ይቀጥላል፤ የጎማውን ጫፍ ወዲያውኑ በልኩ በሆነ ብሎን መድፈን ያስፈልጋል። አንድ ወጣት ጎማውን እንደነቀለ ሌላ ቁልፍ ሊዋስ ወደ ጎረቤት ሄደ፤ እናቱ በረንዳው ላይ ቡና ሊያፈሉ ከሰል እያቀጣጠሉ ነበር። በሲሚንቶው ወለል ላይ ወደ በረንዳው የሚሄደውን ቤንዚን መጀመሪያ ያየችው የሰባት ዓመት ልጅ ናት። እናትየው ምድጃውን አንሥተው በጓሮ በር ወጡ፣ ቡናው በዚያ ቀን በጎረቤት ተጠጣ። የሞተሩ ዋና አካል ከማግኒዥየም ቅይጥ የተሠራ መሆኑንም ብዙ ሰው አያውቅም፤ ይህ ብረት አንዴ በእሳት ከተያያዘ ውኃ መድፋት እሳቱን ያባብሰዋል። አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ አጠገብዎ ይኑር።

መኪናን በብሎኬት ላይ አያቁሙ። ብሎኬት ከመሰንጠቁ በፊት አያስጠነቅቅም። ሞተሩ ከነማራገቢያ ቤቱ በኋላ መከላከያው ሥር ማለፍ እንዲችል የመኪናዋ ኋላ ወደ 90 ሳንቲሜትር መነሣት አለበት፣ በዚያ ከፍታ ላይ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ወይም ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ እንጂ ውስጡ ባዶ የሆነ ሲሚንቶ አይታመንም።

ክሪኩን በቀጥታ በሞተሩ ሥር ባለው የዘይት ወንፊት ክብ ክዳን ላይ ማሳረፍ ክዳኑን ያጎብጣል፣ ከዚያ በኋላ የዘይት ጠብታ አይቆምም፤ በመካከል ጣውላ ያስገቡ። ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ በፍሪሲዮን ዲስኩ መሐል አልፎ ስለሚቀመጥ፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ተስቦ ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ከተላቀቀ በኋላ ብቻ ነው ወደ ታች የሚወርደው። ቸኩሎ ክሪኩን ዝቅ ያደረገ ሰው ከ100 ኪሎ ግራም በላይ የሆነውን ሞተር በአንድ ቀጭን ዘንግ አንጠለጠለው ማለት ነው፤ ዲስኩ ይጣመማል፣ ጉዳዩም የሚታወቀው መኪናዋ ተገጥማ ማርሽ አልገባ ሲል ነው። ሲመለስም እንዲሁ፣ ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር በእጅ ግፊት አልገናኝ ካለ በብሎን እየሳቡ ማስገደድ አይገባም፤ ዲስኩ መሐል ላይ አልተቀመጠም ማለት ስለሆነ ወደ ኋላ ተመልሶ ማስተካከል ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ሞተሩ ተጠግኖ ከተገጠመ በኋላ በግቢው ጥግ ተርፎ የሚቀር የላሜራ ክምር አለ። ባለቤቱን «ይህስ?» ስለው፣ «ጋሼ፣ እሱ ሽፋን ነው፤ ያለሱም ይሠራል» ይለኛል። ሽፋን አይደለም፣ ራዲያተር ነው! ውኃ በማያውቅ ሞተር ላይ የራዲያተሩንም፣ የቱቦውንም ሥራ የሚሠራው ላሜራው ነው። ማራገቢያው ከላይ የሳበው ቀዝቃዛ አየር በሲሊንደሮቹና በቴስታታዎቹ (በሲሊንደር ራሶቹ) ክንፎች መካከል ተገዶ የሚያልፈው፣ ሙቀቱንም ይዞ ወደ ታች የሚወጣው ዙሪያውን በላሜራ ስለተከበበ ነው፤ አንዱ ቁራጭ ሲጎድል አየሩ እንደ ውኃ ሁሉ የቀለለውን መንገድ ይመርጥና ሳያቀዘቅዝ ያመልጣል። በሲሊንደሮቹ ሥር የሚገቡት ትንንሾቹ ላሜራዎች አየሩ የሲሊንደሩን የታችኛውን ጎን አቅፎ እንዲያልፍ ያደርጋሉ፤ እነዚህ ቴስታታው ከመገጠሙ በፊት መግባት ስላለባቸው የረሳቸው ሰው እንደገና ላለመፍታት «በሚቀጥለው ጊዜ» ይላል። በሞተሩ ዙሪያ የሚዞረው የጎማ ማሸጊያም ከላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ከሥር ካለው የጋለ አየር የሚለይ ግድግዳ ነው። ጎማው ደርቆ ከተቀደደ ማራገቢያው ራሱ ሞተሩ የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ ያጠጣዋል።

ይህን ከማንም በላይ የሚከፍልበት ሦስተኛው ሲሊንደር ነው። በአሮጌዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ቤት ውስጥ፣ ለዚህ ሲሊንደር የሚሄደው አየር መንገድ ላይ ስለሚቆም፣ ሲሊንደሩ የሚደርሰው አስቀድሞ የሞቀ አየር ነው፤ ፋብሪካው በእ.ኤ.አ. 1971 ሞዴል ማቀዝቀዣውን ከመንገዱ አውጥቶ የራሱን አየር የሰጠው ለዚህ ነው። ሙቀት ይህን ያህል የሚያስጨንቀውን ሞተር ላሜራውን ቀንሶ ወደ አሰላ ዳገት መውሰድ ምን እንደሚያመጣ አንድ ወጣት መምህር አይቷል። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ነው፣ አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ፤ መምህሩ ኢተያ ሳይደርስ የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ራሱ ተቆርጦ ወደቀና ፒስተኑን በሳው። ቴስታታው፣ ፒስተኑና ሲሊንደሩ አብረው ሄዱ። ላሜራዎቹን ፍለጋ ግቢው ስንደርስ የዶሮ ቤቱን ጣሪያ ሲደግፉ አገኘናቸው።

«አዳማ ሞቃት ስለሆነች ቴርሞስታት አያስፈልግም» የሚሉም አሉ። ቴርሞስታቱ የአየር መዝጊያዎቹን መክፈት የሚጨርሰው ሙቀቱ ወደ 65 እና 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው፤ የከተማችን ጠዋት ደግሞ የቱንም ያህል ቢሞቅ ለሞተር ብርድ ነው፣ ሞተርም አብዝቶ የሚያልቀው በብርድ እያለ ነው።

ሌላውን ብቻ እየወቀስኩ እንዳልቀጥል የራሴን ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት ቮላኖውን (በሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ የሚታሰረውን ከባድ ክብ ብረት) አውልቄ የዘይት መያዣ ጎማውን፣ ፓራኦሊዮውን፣ ቀየርኩና ከሥሩ የነበሩትን ሦስት ስስ የብረት ቀለበቶች ከሌላ ሞተር ከወጡት ጋር ቀላቅዬ ገጠምኳቸው፤ ቀለበት ያው ቀለበት ነው ብዬ ነበር። የክራንክ ሻፍቱ (የዋናው ዘንግ) ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር መሆን ሲገባው፣ የእኔው ፍሪሲዮን በተረገጠ ቁጥር ፑሌጃው (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ክብ ብረት) ሲወጣና ሲገባ በዓይን የሚታይ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ዘይት ፈሰሰ፣ ፍሪሲዮኑም ርሶ መንሸራተት ጀመረ። ፓራኦሊዮውን ወቀስኩ፣ ሞተሩን አውርጄ ሌላ ገዛሁለት፤ እርሱም ፈሰሰ። ሦስተኛ ጊዜ ሳወርደው አንድ አዛውንት የቶርኖ ባለሙያ አይተው «አንተ፣ ለካኸው?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። አሠራሩን ያሳዩኝ እርሳቸው ናቸው፦ ፓራኦሊዮው ሳይገባ ሁለት ቀለበት ብቻ አድርጎ ቮላኖውን ማጥበቅ፣ ክፍተቱን መርፌ ባለው መለኪያ ማንበብ፣ ከተገኘው ላይ 0.10 መቀነስ፤ የቀረው ቁጥር የሦስተኛው ቀለበት ውፍረት ነው። የቮላኖው ትልቅ ዳዶ በ36 ቁልፍ ወደ 300 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፤ ይህም 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከዳዶው መሐል 44 ሳንቲሜትር በራቀ ክንድ ላይ ሙሉ ክብደቱን ሲጥል ማለት ነው። በመዶሻና በስካርፔሎ የተመታ ዳዶ ይህን አያገኝም።

በተቃራኒው የቴስታታው ዳዶዎች ብዙ ኃይል አይፈልጉም፣ ጡንቻ የሚያበላሸውም እዚህ ነው። 10 ሚሊሜትር ውፍረት ባላቸው የቴስታታ ዘንጎች ላይ 32 ኒውተን ሜትር ያህል ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚጎትት ሰው ዘንጉን ከለስላሳው ማግኒዥየም ከነጥርሱ ነቅሎ ያወጣዋል፣ ቀሪው ሥራም ከግቢ ወጥቶ ቶርኖ ቤት ይሆናል። ሁለቱ የሞተር ግማሾች በሚገናኙበት ፊት ላይም ሲሊኮን እንደ ቅቤ አይቀባም፤ የተረፈው ወደ ውስጥ ገብቶ ይላጥና የዘይት መንገድ ይዘጋል።

ነፋስን አይናቁ። በከተማችን ዙሪያ ባሉ ኮረብታዎች ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም፤ በበጋ ከሰዓት በኋላ የተከፈተ ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ አቧራ ይለብሳል። ብሮንዚን (ዘንጎቹ የሚዞሩበት ስስ ብረት) የሚገጠመው በማለዳ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ በንጹሕ አንሶላ ላይ ነው።

ቫልቭ የሚስተካከለው ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ሲያድር ነው፣ ለማስገቢያውም ለማውጫውም 0.15 ሚሊሜትር። የሲሊንደሮቹ ቁጥር የሚነበበው ከመኪናዋ ፊት አንጻር ስለሆነ አንደኛው በቀኝ በኩል ቮላኖው ዘንድ ያለው ነው፣ ሦስተኛው በግራ ከእርሱ ትይዩ፤ የካንዴላ ሽቦዎች ቅደም ተከተል 1-4-3-2 ነው። ዘይት 2.5 ሊትር ነው፣ ጨምሮ መሙላት ደግነት አይደለም።

ሞተሩ ሲገጠም ቁልፉን አዙሮ ወዲያው ማስነሣት የመጨረሻው ጥድፊያ ነው። የኮይሉን ሽቦ ነቅለው፣ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ሞተሪኖውን በአጭር በአጭሩ ያዙሩት፣ ከዚያ ያስነሡት። አዲስ ካም ሻፍት (ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ) ከተገጠመ ለመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች በዝግታ መተው ጉዳት ነው፤ ወደ 2,000 ዙር ከፍ አድርገው ያቆዩት። የማራገቢያው ቺንጋ ዲናሞውንም ስለሚያዞር፣ በመንገድ ላይ የባትሪው ቀይ መብራት ከበራ ቤት እስክደርስ ብሎ ነገር የለም፤ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ያኔውኑ ያጥፉ።

ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱን ትኩስ እያለ ይቅዱት፣ በማግሥቱ ጠዋት ቫልቮቹን እንደገና ይለኩ። ወንፊቱን ሲያወጡ የሚያገኙትን ቅንጣት በማግኔት ይሞክሩት፦ ማግኔቱ የሚያነሣው ጥቂት ደቃቅ ብረት በአዲስ ሞተር ላይ የሚጠበቅ ነው፤ የሚያብረቀርቅና ማግኔት የማይስበው በብዛት ከተገኘ ግን ከብሮንዚን ወይም ከፒስተን የመጣ ነውና ክሪኩን መልሰው ያምጡት።