«ጋዝ አልቋል» ከማለታችሁ በፊት፦ ፍሪጅ በድሬዳዋ ሙቀት

ፍሪጅ እንድጠግን የሚጠሩኝ ብዙዎቹ ቤተሰቦች ገና ከደጃፉ ሳልገባ «ጋዙ አልቋል፣ ሙላልን» ይሉኛል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ጋዝ አይደለም። ፍሪጁን ከግድግዳው ሳብ አድርጌ ጀርባውን አያለሁ፤ ከዚያ የበሩን ጎማ፣ ከዚያ ሶኬቱን። በድሬዳዋ ከማያቸው ችግሮች ብዙዎቹ እዚያው ይገኛሉ፤ ባለቤቱ ራሱ በግማሽ ሰዓት ሊያስተካክላቸው የሚችሉ ናቸው።

የፍሪጅ ጋዝ እንደ ምድጃ ጋዝ እየነደደ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ይዞራል። ኮምፕሬሰሩ ጨምቆ ይገፋዋል፣ ከኋላ ባለው ጥቁር ፍርግርግ ሙቀቱን ይለቃል፣ በቀጭኗ የመዳብ ቱቦ አልፎ ወደ ውስጥ ሲገባ ይተናል፣ የምግቡን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመለሳል። ቧንቧው እስካልተበሳ ድረስ ፋብሪካ የሞላው ጋዝ ፍሪጁ እስኪያረጅ ያገለግላል። ጎድሎ ከተገኘ የወጣበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልግ ጋዝ ሞልቶ የሚሄድ ባለሙያ የሰውን ገንዘብ አየር ላይ እየበተነ ነው። ይህ ሥራ በጣም ያናድደኛል፤ በተለይ ከዕለት ገቢያቸው ቆጥበው ለሚከፍሉ ሰዎች ሲደረግ።

ከቦታው እንጀምር። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሆና ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ትበልጣለች። ሐረር ላይ በቁጥር 2 ረክቶ ይሠራ የነበረ ፍሪጅ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ድሬዳዋ ሲገባ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት እረፍት ያጣል። በፍሪጁ ውስጠኛ ጎን ወይም ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ፤ የአየር ንብረት ደረጃውን የሚነግሩ የላቲን ፊደላት አሉበት። «ኤስኤን» እና «ኤን» የሚሉት እስከ 32 ዲግሪ ለሚደርስ ክፍል ነው የተሠሩት፤ «ኤስቲ» እስከ 38፣ «ቲ» እስከ 43 ዲግሪ ይችላሉ። ለእኛ ከተማ የሚሆነው «ቲ» ነው፤ ባይገኝ «ኤስቲ»። በተለይ ያገለገለ ፍሪጅ የምትገዙ ሰዎች፣ ከቀለሙና ከስፋቱ በፊት ይህችን ወረቀት እዩ።

ፍሪጁን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ፣ ከምድጃና ከከሰል አርቁት። ከኋላው አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከጎኑም ጥቂት ክፍተት ይኑረው። አናቱ ላይ ጨርቅና ዕቃ አትከምሩ። አንዳንድ አዳዲስ ፍሪጆች ከኋላ ፍርግርግ የላቸውም፤ ሙቀቱን የሚለቁት በጎናቸው ቆርቆሮ ነው። የእነዚህ ጎን ሲነካ ቢሞቅ ጤናማ ነው፤ አትደንግጡ፣ ግድግዳ ላይ ብቻ አታስጠጉት።

አሁን ወደ አቧራው ልምጣ፤ ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነው። ነፋስ ሲነሳ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ የሚመጣው ደቃቅ አቧራ የትም ይገባል። ገንደ ቆሬ ሰፈር ውስጥ አንዲት እናት ቤት ተጠርቼ ነበር። ከዚያ በፊት ሌላ ባለሙያ ደጋግሞ ጋዝ ሞልቶላቸው፣ ፍሪጁ ግን ውኃ እንኳን በቅጡ አያቀዘቅዝም። ስስበው ፍርግርጉ አይታይም፤ አቧራ፣ የዶሮ ላባና የወጥ ቤት ቅባት ተጋግሮ ግራጫ ጨርቅ የተለጠፈበት ይመስላል። ኮምፕሬሰሩ እጅ አያስነካም። ሶኬቱን ነቅዬ በደረቅ የቀለም ቡሩሽ ከላይ ወደ ታች ጠረግሁት፣ ቅባት የያዘውን በሳሙና በረጠበ ጨርቅ አበስሁ፣ ሲደርቅ መልሼ ሰካሁ። በማግስቱ ስደውል «አቦ፣ ውኃው በረዶ ሆኖ አደረ!» አሉኝ። ጋዙ መቼም አልጎደለም ነበር፤ ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድ ነበር የተዘጋው።

ስለዚህ በሌላ ቦታ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ጥረጉ የሚባለውን፣ እኛ በየሁለት ወሩ እናድርገው። ቡሩሹን በፍርግርጉ ዘንጎች አቅጣጫ ሳቡት፤ ቀጭኗን የመዳብ ቱቦ አትጠምዝዙ። ኮምፕሬሰሩ ጎን ትንሽ ፋን ካለ፣ ክንፎቹንም አጽዱ።

የበሩ ጎማ ቀጥሎ ይመጣል። አንድ የብር ኖት በበሩና በፍሪጁ መካከል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። ያዝ ካደረገ ጎማው ይሠራል፤ ያለ ምንም ትግል ከወጣ ሞቃት አየር እዚያ ይገባል። ከላይ፣ ከታች፣ በእጀታው በኩል፣ በማጠፊያውም በኩል ሞክሩ። ብዙውን ጊዜ ጎማው ቆሽሾ ወይም ደርቆ ነው። ለብ ባለ ውኃና በሳሙና እጠቡት፣ በእጥፋቶቹ ውስጥ ያለውን ፍርፋሪ አውጡ፣ አድርቁና ስስ ቫዝሊን ቀቡት። የተጣመመውን በሙቅ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ለደቂቃዎች ይዛችሁ በእጅ ወደ ቅርጹ መልሱ። ከተቀደደ ግን መቀየር ነው። የፊት እግሮቹን ጥቂት ከፍ ካደረጋችሁ በሩ በራሱ ወደ ኋላ ይዘጋል።

የቅዝቃዜ ማስተካከያውን ቁጥር በተመለከተ፣ ሙቀት ሲበረታ እስከ መጨረሻው ማዞር የተለመደ ነው። ኮምፕሬሰሩ ሳያርፍ ይሠራል፤ ሰላጣው ከኋላ በረዶ ይሆናል፤ በር ላይ ያለው ወተት ግን ያው ነው። መካከለኛው ላይ አድርጉና አንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ቴርሞሜትር ከትታችሁ አሳድሩት። 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ካነበበ በቂ ነው። በረዶ ቤቱ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሊሆን ይገባል። ትኩስ ወጥ፣ ክዳን የሌለው ሾርባና በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ጫት እርጥበታቸው በሙሉ በረዶ ሆኖ ይጋገራል። በረመዳን ለማፍጠሪያ ብዙ ጠርሙስ ውኃ በአንድ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ከማስገባት፣ ማታውኑ ማስገባት ይሻላል፤ ሌሊት ክፍሉም ይቀዘቅዛል፣ በሩም አይከፈትም።

በረዶው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አጥፍታችሁ አቅልጡት። በቢላዋ ወይም በካቻቪቴ መቆፈር ፈጽሞ ክልክል ነው። የበረዶ ቤቱ ግድግዳ ስስ አሉሚኒየም ነው፤ ከሥሩ ጋዙ ይሄዳል። ጋዝ በእውነት አልቆ ካገኘኋቸው ፍሪጆች ብዙዎቹ በቢላዋ የተበሱ ናቸው። አንድ ድስት ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጣችሁ በሩን ዝጉ፤ በረዶው ራሱ ይላቀቃል።

መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ። ተመልሶ ሲመጣ ከ220 ቮልት በእጅጉ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ሊመጣ ይችላል። በዚያ ላይ ኮምፕሬሰሩ ሲቆም ጋዙ በአንድ ወገን ታምቆ ስለሚቀር ግፊቱ እስኪመጣጠን ጥቂት ደቂቃዎች ይፈልጋል። ወዲያው ቢነሳ ያቃስትና ጠቅ ብሎ ይቆማል፤ ይህ ሲደጋገም ይቃጠላል። አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ስኩት፣ ወይም ራሱ የሚያዘገይ የፍሪጅ መከላከያ ግዙ። መከላከያ መጥፎ መብራትን ይቆርጣል እንጂ አያስተካክልም፤ ምሽት ላይ መብራቱ ሁልጊዜ ለሚወርድበት ቤት ቮልቱን የሚያስተካክል ስታቢላይዘር ያስፈልጋል። ፍሪጅን ከምጣድ ጋር በአንድ ማከፋፈያ አትሰኩ።

በር ካልተከፈተ የፍሪጁ ምግብ አራት ሰዓት ያህል፣ ሙሉ የሆነ በረዶ ቤት እስከ ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ በእኛ ሙቀት ግን ከዚህ አሳጥራችሁ ገምቱ። በበረዶ ቤቱ አንድ ስኒ ውኃ አርግታችሁ ሳንቲም አስቀምጡበት። ከቤት ርቃችሁ ስትመለሱ ሳንቲሙ ሥር ከወረደ ሁሉም ቀልጦ እንደገና ረግቷል ማለት ነው፤ ሥጋውን ጣሉት።

ብልሽት ሲፈጠር ምልክቱ ብዙ ይናገራል። የውስጡ አምፖል በርቶ ኮምፕሬሰሩ ዝም ካለ ቅዝቃዜውን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ወይም ኮምፕሬሰሩን የሚያስነሳው ሪሌ ይጠረጠራል። በየጥቂት ደቂቃው ጠቅ እያለ የማይነሳ ከሆነ መጀመሪያ ቮልቱን አስለኩ፣ ከዚያ ሪሌውን፤ ሪሌ ከኮምፕሬሰር ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ዕቃ ነው። ከአትክልት መሳቢያው ሥር ውኃ ከተጠራቀመ ከኋላ ያለችው የፍሳሽ ቀዳዳ ተደፍናለች፤ በሙቅ ውኃና በለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ ክፈቷት። በረዶ የማይጋገርበት («ኖ ፍሮስት») በሚባለው ዓይነት ፍሪጅ ላይ በረዶ ቤቱ ቀዝቅዞ ታችኛው ክፍል ከሞቀ፣ ከውስጠኛው ግድግዳ ጀርባ በረዶ ተጋግሮ የአየሩን መንገድ ዘግቷል፣ ወይም ፋኑ ቆሟል። አንድ ቀን ሙሉ በሩን ከፍታችሁ አጥፉት፤ ተሽሎት ከሳምንት በኋላ ከተመለሰ የማቅለጫው ክፍል ተበላሽቷል። ፍሪጁን ስትነኩ ከነዘራችሁ ግን ምንም ሳትሞክሩ ከቆጣሪው አጥፉና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ፤ በባዶ እግር እርጥብ ሲሚንቶ ላይ የሚቆሙ ልጆች አሉ።

ፍሪጅ ከሐረርም ሆነ ከሌላ ቦታ ሲጫን ቆሞ ይጓዝ። ተኝቶ ከመጣ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቧንቧው ስለሚፈስ፣ አቁማችሁ ቢያንስ ግማሽ ቀን ሳይሰካ ይቆይ።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ ኮምፕሬሰሩ ያለማቋረጥ እየሠራ፣ ፍርግርጉም ሳይሞቅ፣ በረዶው በአንድ ጥግ ብቻ ከታየ፣ ያኔ ጋዝ ጎድሏል ለማለት ምክንያት አለ። ባለሙያው ሲመጣ «ቀዳዳው የት ነው? በምን አገኘኸው?» በሉት። ቧንቧውን ከከፈተ ማጣሪያውን መቀየርና አየሩን በቫኪዩም ፓምፕ ማውጣት አለበት። ወረቀቱ ላይ «አር 600ኤ» የሚል ካለና ቢጫ የእሳት ምልክት ከተለጠፈበት ጋዙ ተቀጣጣይ ነው፤ መስኮቱ ይከፈት፣ ከሰሉ ከቤት ይውጣ፣ በውስጡ ጋዝ እያለ በእሳት አይበየድ። በእሱ ፋንታም «አር 134ኤ» የሚባለው ሌላ ጋዝ አይሞላበትም። መጠኑ በወረቀቱ ላይ በግራም ተጽፏል፤ ባለሙያው ሚዛን ሳይዝ በግምት ሊሞላ ከተነሳ ሥራውን አስቁሙት።