አንገቱ የተጎዳ ሰው ቤት ውስጥ ሲኖር፦ ለአስታማሚ

ታላቅ ወንድሜ ፍኖተ ሰላም አጠገብ ባሕር ዛፍ ሲመለምል ወድቆ ነው አንገቱን የተጎዳው። ሁለት እጁም ሁለት እግሩም አልታዘዝ አሉት። ያኔ ማንም ቁጭ አድርጎ ያልነገረኝን ነው እዚህ የምጽፈው። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ለእናንተ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን እንረዳው። አንገታችን 7 አጥንቶች አሉት። በመካከላቸው ህብለ ሰረሰር ያልፋል፤ ከአንጎል ትዕዛዝ የሚያወርደው፣ ከሰውነት ደግሞ ስሜት የሚያወጣው እሱ ነው። አንገት ላይ ሲጎዳ እጅም እግርም አብረው ይሰንፋሉ። ጉዳቱ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይከፋል፤ ምክንያቱም የምንተነፍስበትን ጡንቻ፣ ድያፍራምን፣ የሚያንቀሳቅሱት ከ3ኛው እስከ 5ኛው ያሉት የአንገት ነርቮች ስለሆኑ ከዚያ በላይ የተጎዳ ሰው በራሱ መተንፈስም ያቅተዋል።

መንስኤው ግን ሁልጊዜ አደጋ አይደለም። የአከርካሪ ቲቢ አለ፤ በመድኃኒት ይታከማል። ጊላን ባሬ የሚባልም አለ፤ ከተቅማጥ ወይም ከጉንፋን በኋላ ከእግር ጀምሮ በቀናት ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣ ስንፈት ነው። ብዙዎቹ ይድናሉ፣ ግን ትንፋሽ ሊያቆም ስለሚችል ነገ ሳትሉ ሆስፒታል ውሰዱት። እኛ ጎጃም ውስጥ ሽባነት ሲባል ቶሎ ጓያ ይታሰበናል። ጓያ በአብዛኛው የሚይዘው እግርን ነው። እጅም አብሮ ከሰነፈ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

ሰው ከዛፍ ወይም ከፎቅ ሲወድቅ በብብቱ ይዛችሁ አታንሱት። ወጌሻ ጠርታችሁ አንገቱን እንዲያሹትና እንዲያዞሩትም አታድርጉ። ወጌሻ እንደሚከበር አውቃለሁ፣ አንገት ግን የወጌሻ ቦታ አይደለም። አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ግራና ቀኝ ይያዝ፣ አፍንጫና እምብርት አንድ መስመር ላይ ይሁኑ፣ ሌሎቹ እንደ ግንድ አንድ ላይ አገላብጣችሁ ሳንቃ ወይም የተነቀለ በር ላይ አድርጉት። የጠፍር አልጋ ይሰረጉዳል፣ አይሆንም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ሆስፒታል ስትደርሱ፣ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ጊዮን ወይም ሌላ ቦታ፣ ሁለት ነገር ጠይቁ። የተጎዳው የትኛው የአንገት ነርቭ ነው? ጉዳቱ ሙሉ ነው ወይስ ከፊል? ሐኪሙ ፊንጢጣ አካባቢ ስሜት መኖሩን ሲመረምር አትደንግጡ፣ ይህንኑ ለመለየት ነው። መጀመሪያ ላይ ህብለ ሰረሰሩ ደንግጦ ሁሉም ነገር ዝም ሊል ይችላል፤ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት። በዚያ ሰሞን የነገሯችሁን የመጨረሻ ፍርድ አድርጋችሁ አትውሰዱት።

ቤት ከገባችሁ በኋላ የመጀመሪያው ጠላት የአልጋ ቁስል ነው። እኔና እናንተ ተኝተን ሳናውቀው እንገላበጣለን። እሱ አይችልም። በየ2 ሰዓቱ ገልብጡት፣ ሌሊትም ጭምር። ጉልበቶቹ መካከል የታጠፈ ጋቢ አድርጉ፣ ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ ትራሱን ከባቱ ስር አስገቡ። ጠዋት ጠዋት በስልካችሁ መብራት የጭራ አጥንቱን፣ ዳሌውን፣ ተረከዙን እዩ። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ቶሎ አይታይም፤ ስለዚህ በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱት። ከአካባቢው የሚሞቅ ወይም የጠነከረ ቦታ ካለ ቁስል እየጀመረ ነውና እስኪመለስ ድረስ በዚያ በኩል አይተኛ። ወንበር ላይ ሲቀመጥም በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ክብደቱን አሳርፉለት። እነ ደብረ ማርቆስ ብርድ ስለሆነ ከሰል ይጠጋለታል፣ የፈላ ውኃ በጀሪካን እግሩ ስር ይደረግለታል። ተዉት። ቆዳው ሲቃጠል አይሰማውም። ጠበል መውሰድ ከፈለጋችሁ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ይሁን፣ ሰውነቱም ወዲያው ይድረቅና ይሸፈን፤ ሙቀቱን በራሱ ማስተካከል ያቅተዋልና።

አሁን የምነግራችሁን ግን በደንብ ያዙት። አንድ ማታ ወንድሜ «ራሴ ሊፈነዳ ነው» አለ። ፊቱ ቀልቶ ከአንገቱ በላይ በላብ ተጠመቀ። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ልትቀጥፍ ወጣች። እኔ ደግሞ እንዲያርፍ ብዬ ጋደም ላደርገው ነበር። ሁለታችንም ተሳስተናል። የሽንት ቱቦው ጭኑ ስር ገብቶ ታጥፎ ነበር። ፊኛው ሞልቷል፣ ስሜቱ ወደ አንጎል አይደርስም፣ ሰውነቱ ግን ታች ሆኖ ደንግጦ የደም ግፊቱን ሰቅሎታል። ቱቦውን ስናስተካክለው በደቂቃዎች ውስጥ ላቡ ቆመ።

ይህ ከደረት 6ኛ ነርቭ ወይም ከዚያ በላይ የተጎዳን ሰው ሁሉ ሊያጋጥም ይችላል፤ ችላ ከተባለ አንጎል ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ እግሩን ወደ ታች አውርዱ፣ ቀበቶውንና ልብሱን አላሉ። ከዚያ ቱቦውን እዩ። ቱቦ ከሌለው ሽንቱን አውጡለት። ቀጥሎ የሆድ ድርቀትን አስቡ፣ ከዚያ የጠበበ ጫማ፣ ወደ ውስጥ የበቀለ ጥፍር፣ ቁስል። ካልተሻለው ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል። ጤና ጣቢያ ላይ «ግፊቱ 130 ነው፣ ደህና ነው» ሊሏችሁ ይችላሉ። እንዲህ የተጎዱ ሰዎች ግፊት አዘውትሮ ዝቅ ያለ ነው፣ 90 ወይም 100፤ ስለዚህ 130 ለእሱ ብዙ ነው። የሁልጊዜ ግፊቱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ።

ሽንቱን በየጊዜው በቱቦ የምታወጡለት ከሆነ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ነው፣ እጅ በሳሙና ታጥቦ። ቋሚ ቱቦ ከሆነ ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛው በታች ይሁን። ሽንቱ ከደፈረሰና ትኩሳት ካለው ቶሎ ታከሙ። ለሰገራ ቋሚ ሰዓት ያዙ፣ ከምግብ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ። ተልባ ይረዳል፣ ውኃ ደግሞ የግድ ነው።

ሳሉም ደካማ ነው። አክታ ሲይዘው ሊያስል ሲል ከጎድኑ በታች ሆዱን ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይገፉለታል፤ ፊዚዮቴራፒስቱ በእጃችሁ ላይ ሳያሳያችሁ ግን አትሞክሩት። የማድቤት ጭስ ካለበት ክፍልም አውጡት።

ከቤቱ ጉዳይም አታውጡት። በሬው ይሸጥ አይሸጥ፣ ጤፉ መቼ ይወቃ፣ እሱን ጠይቁ። ሰውነቱ ነው እንጂ አሳቡ አልሰነፈም። እኛ መጀመሪያ በራሱ ላይ ሆነን ስለ እሱ እናወራ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

መገጣጠሚያዎቹን በየቀኑ በቀስታ አንቀሳቅሱ። አንድ ጥንቃቄ አለው። 6ኛው የአንገት ነርቭ የሚሠራለት ሰው የእጁን አንጓ ወደ ላይ ማንሳት ይችላል፤ ሲያነሳ ጣቶቹ በራሳቸው ይታጠፋሉ፣ ዕቃ የሚይዘውም በዚያ ነው። አንጓውን ወደ ኋላ አጥፋችሁ ጣቶቹን ቀጥ አድርጋችሁ ከለጠጣችሁት ያ መያዣ ይላላል። እኛ ጣቶቹን አልለጠጥናቸውም። አሁን ወንድሜ አንጓውን ቀና ያደርግና ቁራሽ ዳቦ ይዞ ወደ አፉ ይወስዳል።